ከአንጀት እስከ ልብ፦ ባክቴሪያዎች፣ ተረፈ ምርቶቻቸውና የልብ ጤና

ሁለት ጤናማ ሰዎች በአንድ ማዕድ ቀርበው እኩል መጠን ያለው ቀይ ሥጋ በሉ እንበል። የሁለቱም ሥጋ ከአንድ በሬ፣ ከአንድ ብልት የተቆረጠ ነው። በማግሥቱ ደማቸው ቢመረመር ግን በአንደኛው ደም ውስጥ አንድ ኬሚካል ከፍ ብሎ ሲገኝ በሌላው ደም ውስጥ እምብዛም ሳይለወጥ ሊገኝ ይችላል። ምግቡ አንድ ሆኖ ሳለ ይህ ልዩነት ከየት መጣ? የመልሱ ዋነኛ ክፍል የሚገኘው በተመጋቢዎቹ አንጀት ውስጥ ከሚኖሩት ባክቴሪያዎች ዘንድ ነው።

የኬሚካሉ ስም ትራይሜቲልአሚን ኤን-ኦክሳይድ ነው። ስሙ ረዥም በመሆኑ በዚህ ጽሑፍ «ቲኤምኤኦ» እያልን እንጠራዋለን። ይህ ንጥረ ነገር የተመራማሪዎችን ትኩረት የሳበው ከልብ ሕመም ጋር ተያይዞ በመገኘቱ ነው። ጉዳዩ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 17.9 ሚሊዮን ሰዎች በልብና በደም ቧንቧ በሽታዎች ሞተዋል፤ ይህም በዓመቱ በዓለም ከሞቱት ሰዎች መካከል አንድ ሦስተኛ ያህሉ ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን እንመለከታለን። አንደኛ፣ ቲኤምኤኦ በሰውነታችን ውስጥ እንዴት ይሠራል? ሁለተኛ፣ ከልብ ሕመም ጋር ግንኙነት አለው የተባለው በምን ማስረጃ ነው? ሦስተኛውና ዋነኛው ጥያቄ፣ ይህ ኬሚካል የበሽታው መንሥኤ ነው ወይስ በሽታው ባለበት ቦታ የተገኘ ምስክር? የሚለው ነው። የሦስተኛው ጥያቄ ጥቅም ከዚህ አንድ ርዕስ ያልፋል፤ ስለ ምግብና ስለ ጤና የሚነገረንን ሁሉ መመዘን የሚያስችል ነውና።

በውስጣችን የሚኖሩት

በሰው አካል ውስጥ ስንት ባክቴሪያ ይኖራል? ለብዙ ዓመታት በመጻሕፍት ሲጠቀስ የኖረው «የባክቴሪያዎቹ ብዛት የራሳችንን ሕዋሳት አሥር እጥፍ ይሆናል» የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በእስራኤል የዋይዝማን የሳይንስ ተቋም ተመራማሪዎችና አንድ ባልደረባቸው ስሌቱን እንደገና ሲሠሩት የተገኘው ውጤት ሌላ ነው። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ ጎልማሳ 30 ትሪሊዮን ያህል የራሱ ሕዋሳትና 38 ትሪሊዮን ያህል ባክቴሪያዎች እንዳሉት ገመቱ። የባክቴሪያዎቹ ጠቅላላ ክብደት 200 ግራም ያህል ብቻ ነው። ከእነዚህ እጅግ የሚበዙት የሚኖሩት በትልቁ አንጀት ውስጥ ነው።

እነዚህ ረቂቅ ተሕዋስያን የሚመገቡት እኛ ከምንመገበው ነው። የእኛ ኢንዛይሞች ሊፈጩት ያልቻሉትን ወይም ሳይመጠጥ ያለፈውን እነርሱ ይፈጩታል። በሥራቸው መጨረሻ ላይ የሚያስወግዱት ተረፈ ምርት የአንጀትን ግድግዳ አልፎ ወደ ደም ሊገባ ይችላል። ደም ደግሞ በአንድ ቦታ የማይቆም ስለሆነ ተረፈ ምርቱ ጉበትን፣ ኩላሊትን፣ የደም ቧንቧዎችንና ልብን ይደርሳል። አንጀትና ልብ የሚገናኙበት አንዱ ጎዳና ይህ ነው።

ከምግብ እስከ ደም

የቲኤምኤኦን መንገድ በአራት ደረጃ ከፍሎ ማየት ይቻላል።

አንደኛው ደረጃ ምግቡ ነው። ለዚህ ጉዳይ ሁለት ንጥረ ነገሮች ይጠቀሳሉ። የመጀመሪያው ኮሊን ነው፤ በእንቁላል አስኳል፣ በጉበትና በሥጋ ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ አብዛኛውንም ጊዜ ሌሲቲን በሚባለው ቅባት ውስጥ ተያይዞ ይቀመጣል። ሁለተኛው ካርኒቲን ሲሆን በተለይ በቀይ ሥጋ ውስጥ ይበዛል። የሁለቱም ሞለኪውሎች ጫፍ አንድ ዓይነት ነው፦ ሦስት የሜቲል ክፍሎችን የያዘ አንድ የናይትሮጅን አቶም።

ሁለተኛው ደረጃ የባክቴሪያዎቹ ሥራ ነው። የሰው አካል ይህን ጫፍ ከኮሊን ላይ ቆርጦ የሚያላቅቅ ኢንዛይም የለውም። አንዳንድ የአንጀት ባክቴሪያዎች ግን አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ስማራንዳ ክራቹንና ኤሚሊ ባልስከስ ኮሊንን የሚቆርጠውን ኢንዛይም የሚሠራ ዘረመል ለይተው አሳወቁ። ተቆርጦ የሚወጣው ንጥረ ነገር ትራይሜቲልአሚን ይባላል፤ በተፈጥሮው ጋዝ ሲሆን የተበላሸ ዓሣ ሽታ አለው።

ሦስተኛው ደረጃ ጉበት ነው። ትራይሜቲልአሚን ከአንጀት ተመጥጦ በደም አማካይነት ወደ ጉበት ይደርሳል። በዚያም ኤፍኤምኦ3 የሚባል ኢንዛይም አንድ የኦክስጅን አቶም ይጨምርበትና ሽታ የሌለው ቲኤምኤኦ ያደርገዋል። ይህ ኢንዛይም በውርስ የተበላሸባቸው ጥቂት ሰዎች አሉ። በእነርሱ ዘንድ ትራይሜቲልአሚኑ ሳይለወጥ ስለሚቀር በላባቸው፣ በትንፋሻቸውና በሽንታቸው የዓሣ ሽታ ይወጣል። ይህ ችግር የንጽሕና ጉድለት ሳይሆን የኢንዛይም ጉድለት መሆኑን ማወቅ ይገባል።

አራተኛው ደረጃ ኩላሊት ነው። ኩላሊት ቲኤምኤኦን ከደም አጣርቶ በሽንት ያስወግዳል። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲያስታውሰው እንጠይቃለን፤ ወደ መጨረሻው ስለምንመለስበት።

ጥርጣሬው እንዴት ተነሣ?

በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በሚገኘው ክሊቭላንድ ክሊኒክ በስታንሊ ሄዘን የሚመራ የምርምር ቡድን አንድ ሰፊ ጥያቄ ይዞ ተነሣ፦ ወደፊት የልብ ድካም አደጋ ወይም ስትሮክ የሚገጥማቸው ሰዎች ደም ከሌሎች ሰዎች ደም በምን ይለያል? ተመራማሪዎቹ አስቀድመው የተጠረጠረ ኬሚካል ይዘው አልተነሡም። በደም ውስጥ የሚገኙትን እጅግ ብዙ ጥቃቅን ሞለኪውሎች ለክተው ሁለቱን ወገኖች አነጻጸሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤታቸውን ሲያሳትሙ ልዩነት ያሳዩ 18 ንጥረ ነገሮችን አግኝተው ነበር። ከእነዚህም መካከል ሦስቱ የአንድ ቤተሰብ አባላት ሆነው ተገኙ፦ ኮሊን፣ ቤታይንና ቲኤምኤኦ።

ቀጣዩ ሥራ ባክቴሪያዎቹ በእርግጥ እጃቸው እንዳለበት ማረጋገጥ ነበር። ከልደታቸው ጀምሮ ከማንኛውም ረቂቅ ተሕዋስ ነፃ ሆነው ያደጉ አይጦች ሌሲቲን ሲሰጣቸው ቲኤምኤኦ በደማቸው አልታየም። ከተራ አይጦች ጋር ከኖሩና ባክቴሪያዎች ወደ አንጀታቸው ከገቡ በኋላ ግን መሥራት ጀመሩ።

በሰው ላይ የተደረገው ሙከራ ደግሞ በአሠራሩ ቀላልነት የሚጠቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመው ጥናት ጤናማ ፈቃደኞች ሁለት የተቀቀሉ እንቁላሎች በሉ። ከእንቁላሉም ጋር ከባዱ ሃይድሮጅን፣ ማለትም ዲዩቴሪየም፣ ምልክት የተደረገበት ሌሲቲን ተሰጣቸው። ምልክቱ ያስፈለገው በደም ውስጥ የሚገኘው ቲኤምኤኦ ከዚያው ሌሲቲን መምጣቱን ለማወቅ ነው። ምልክት ያለበት ቲኤምኤኦ በደማቸው ታየ። ከዚያ ለአንድ ሳምንት አንቲባዮቲክ ወስደው ሙከራው ሲደገም ቲኤምኤኦ ጠፋ ማለት ይቻላል። አንቲባዮቲኩ ቆሞ ከአንድ ወር በላይ ካለፈ በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሞከር እንደገና ታየ። ባክቴሪያዎቹ ሲዳከሙ ይጠፋል፤ ሲመለሱ ይመለሳል። በመሆኑም የባክቴሪያዎቹ ድርሻ በሰውም ላይ ተረጋገጠ።

በዚያው ጥናት የልብ ደም ቧንቧ ምርመራ ያደረጉ 4007 ሕሙማን ለሦስት ዓመት ክትትል ተደርጎባቸዋል። በቲኤምኤኦ መጠን ከአራት እኩል ቡድን ሲከፈሉ፣ በከፍተኛው ቡድን ውስጥ ያሉት ሰዎች ለልብ ድካም አደጋ፣ ለስትሮክ ወይም ለሞት የመጋለጥ ዕድላቸው በዝቅተኛው ቡድን ካሉት ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ።

በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት በመግቢያችን ላይ ያነሣነውን ጥያቄ ይመልሳል። ከአምስት ዓመት በላይ ሥጋን ጨምሮ ከማንኛውም የእንስሳት ተዋፅኦ ተቆጥቦ የኖረ አንድ ሰው ለሳይንስ ሲል ሥጋ ለመብላት ፈቃደኛ ሆነ። ሥጋ ዘወትር በሚመገበው ሰው ደም ውስጥ ቲኤምኤኦ ከፍ ሲል በእርሱ ደም ውስጥ ግን እምብዛም አልታየም። ብዙ ሰዎች የተካተቱበት ንጽጽርም ይህንኑ አቅጣጫ አሳየ። ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም። ለረዥም ጊዜ ካርኒቲን ባልደረሰበት አንጀት ውስጥ ካርኒቲንን የሚፈጩ ባክቴሪያዎች ይመነምናሉ።

ተዛምዶ መንሥኤ ነውን?

እስካሁን ያየነው ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸውን ነው፦ ከፍ ያለ ቲኤምኤኦና የልብ ሕመም። በሳይንስ ይህ ተዛምዶ ይባላል። ተዛምዶ ግን መንሥኤ አይደለም። በዝናብ ቀን ጃንጥላ የያዘ ሰው ይበዛል፤ ዝናቡን ያመጣው ግን ጃንጥላው አይደለም። ታዲያ ተመራማሪዎች ከተዛምዶ ወደ መንሥኤ ለመሻገር ምን አደረጉ?

የመጀመሪያው መንገድ አሠራሩን መፈለግ ነው። በአይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ቲኤምኤኦ ማክሮፋጅ የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ኮሌስትሮልን በብዛት እንዲያጠራቅሙ ያደርጋል፤ እነዚህ በቅባት የተሞሉ ሕዋሳት በደም ወሳጅ ቧንቧ ግድግዳ ላይ ሲከማቹ ቧንቧው ይጠባል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ቲኤምኤኦ ደምን የሚያረጉትን ፕላትሌቶች ይበልጥ ቁጡ እንደሚያደርጋቸው ታየ። በጠበበ ቧንቧ ውስጥ ደም በቀላሉ የሚረጋ ከሆነ አደጋው ግልጽ ነው። በቀጣዩ ዓመት 18 ጤናማ ሰዎች ኮሊን በእንክብል መልክ ለሁለት ወር ሲወስዱ ቲኤምኤኦአቸው ከአሥር እጥፍ በላይ ጨመረ፤ ፕላትሌቶቻቸውም ይበልጥ መጣበቅ ጀመሩ።

ሁለተኛው መንገድ ከሮበርት ኮኽ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። ኮኽ አንድ ባክቴሪያ የአንድ በሽታ መንሥኤ ነው ለማለት ባክቴሪያውን ወደ ጤናማ እንስሳ አዛውሮ በሽታው ሲከሰት ማሳየትን እንደ መመዘኛ ያስቀምጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ተመሳሳይ ሙከራ ተደረገ። ብዙ ቲኤምኤኦ የሚሠሩና ለደም ቧንቧ መጥበብ የተጋለጡ አይጦች የአንጀት ባክቴሪያዎች ወደ ሌሎች አይጦች ሲዛወሩ፣ ተቀባዮቹ ከሌላ ዝርያ ባክቴሪያ ከተቀበሉት ይልቅ የከፋ የደም ቧንቧ ጉዳት ታየባቸው። የተዛወረው ባክቴሪያ ብቻ ነው፤ ጉዳቱ ግን አብሮ ተዛወረ።

እዚህ ላይ ብናቆም ታሪኩ የተሟላ ይመስል ነበር። ሳይንስ ግን ደጋፊ ማስረጃ በበዛበት ጊዜም ተቃራኒውን መፈለግ ይጠበቅበታል።

የዓሣው እንቆቅልሽና የኩላሊት ምስክርነት

በባሕር የሚኖሩ ብዙ ዓሦች በሥጋቸው ውስጥ ቲኤምኤኦን ራሱን ይዘዋል። ንጥረ ነገሩ በጥልቅ ውሃ ውስጥ ካለው ከባድ ግፊት ፕሮቲኖቻቸውን ይጠብቅላቸዋል። ዓሣ ከሞተ በኋላ የሚመጣውም ሽታ ባክቴሪያዎች ይህንኑ ቲኤምኤኦ ወደ ትራይሜቲልአሚን በመመለሳቸው የሚፈጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት 40 ጤናማ ወጣት ወንዶች በተለያዩ ቀናት ዓሣ፣ የበሬ ሥጋ፣ እንቁላልና ፍራፍሬ በሉ። ዓሣ ከበሉ በኋላ በደማቸው የታየው ቲኤምኤኦ ሌሎቹን ምግቦች ከበሉ በኋላ ከታየው ከ40 እጥፍ በላይ ነበር።

ይሁን እንጂ ዓሣ መመገብ በአብዛኞቹ ጥናቶች ዘንድ ከተሻለ የልብ ጤና ጋር እንጂ ከልብ ሕመም ጋር አልተያያዘም። ቲኤምኤኦ ብቻውን ልብን የሚጎዳ መርዝ ቢሆን ኖሮ ዓሣ ከምግቦች ሁሉ አደገኛው ይሆን ነበር። በዓሣ ውስጥ ያሉ ጠቃሚ ቅባቶች ጉዳቱን ያካክሱት ይሆናል፤ ወይም ለአጭር ጊዜ ከፍ ብሎ መውረድና ዘወትር ከፍ ብሎ መኖር አንድ አይደሉም ይሆናል። ያም ሆነ ይህ ቀላሉ ታሪክ ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያል።

አሁን ወደ ኩላሊት እንመለስ። ቲኤምኤኦን የሚያስወግደው ኩላሊት ነው ብለናል። ኩላሊቱ የተዳከመ ሰው ምግቡን ምንም ሳይለውጥ በደሙ ውስጥ ያለው ቲኤምኤኦ ይጨምራል። የኩላሊት ድክመት ደግሞ ራሱን ችሎ ለልብ ሕመም እንደሚያጋልጥ ከታወቀ ቆይቷል። እንግዲህ ሁለቱን አብረው እንዲገኙ ያደረጋቸው ሦስተኛ ነገር፣ ማለትም የኩላሊት ድክመት፣ ሊሆን ይችላል። ጃንጥላውንና ጭቃውን አንድ ላይ ያመጣቸው ዝናቡ እንደሆነ ማለት ነው።

ይህን ለመለየት ከሚረዱት ዘዴዎች አንዱ የተፈጥሮን ዕጣ መጠቀም ነው። እያንዳንዱ ሰው ከወላጆቹ የሚወርሳቸው ዘረመሎች በዕጣ እንደመታደል ናቸው፤ በኑሮው ወይም በበሽታው ምክንያት አይለወጡም። ቲኤምኤኦን ከፍ ከሚያደርጉ የዘረመል ልዩነቶች ጋር የተወለዱ ሰዎች ይበልጥ በልብ ሕመም የሚያዙ ከሆነ ቲኤምኤኦ መንሥኤ የመሆኑ ጉዳይ ይጠናከራል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ እንዲህ ዓይነት ጥናት ይህን ግንኙነት አላገኘም። ያገኘው ግልባጩን ነው፦ ለስኳር በሽታና ለኩላሊት በሽታ የሚያጋልጡ ዘረመሎች የቲኤምኤኦን መጠን ከፍ ያደርጋሉ። ቲኤምኤኦን ከሚወስኑት ነገሮች መካከል የዘረመል ድርሻ አነስተኛ በመሆኑ ይህ ጥናት የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ሆኖም ተከሳሹ ምስክር ሊሆን እንደሚችል በግልጽ አመልክቷል።

ሌላው ተረፈ ምርት፦ የአሰር ፍሬ

የአንጀት ባክቴሪያዎች ሥራ ልብን በማስጋት ብቻ የሚገለጽ አይደለም። በጥራጥሬ፣ በእህል፣ በአትክልትና በፍራፍሬ ውስጥ የሚገኘውን አሰር ወይም ፋይበር የእኛ ኢንዛይሞች አይፈጩትም። ባክቴሪያዎች ግን ኦክስጅን በሌለበት በትልቁ አንጀት ውስጥ ያብላሉታል። ከዚህም ሦስት ትናንሽ አሲዶች ይገኛሉ፦ አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት። ቡቲሬት ለትልቁ አንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ዋነኛ የኃይል ምንጭ ነው። የቀሩት ወደ ደም ገብተው ከአንጀት ርቀው ይሠራሉ።

እ.ኤ.አ. በ2013 ጄኒፈር ፕለዝኒክና ባልደረቦቿ እነዚህ አሲዶች በኩላሊትና በደም ቧንቧዎች ላይ የሚገኙ ተቀባይ ፕሮቲኖችን በመንካት በአይጦች የደም ግፊትን እንደሚለዋውጡ አሳዩ። ከተቀባዮቹ አንዱ በአፍንጫ ውስጥ ሽታን ለመለየት ከሚያገለግሉት ጋር አንድ ወገን መሆኑ ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ2023 በአውስትራሊያ የደም ግፊት ያለባቸው፣ ነገር ግን መድኃኒት ያልጀመሩ 20 ሰዎች እነዚህን አሲዶች በትልቁ አንጀት ውስጥ የሚለቅ የተዘጋጀ ስታርች ሲመገቡ የላይኛው የደም ግፊታቸው በአማካይ በ6 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ቀነሰ። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ትንሽ ቢሆንም በሰው ላይ የታየ ውጤት በመሆኑ ግምት የሚሰጠው ነው።

ስለ አሰር ያለው ማስረጃ ደግሞ ከአንድ ሞለኪውል ታሪክ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በላንሴት የሕክምና መጽሔት የታተመ ግምገማ 185 የክትትል ጥናቶችንና 58 የሰው ላይ ሙከራዎችን አንድ ላይ መርምሯል። ብዙ አሰር የሚመገቡ ሰዎች ጥቂት ከሚመገቡት ጋር ሲነጻጸሩ በልብና በደም ቧንቧ በሽታ የመሞት ዕድላቸው ከ15 እስከ 30 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው በቀን ከ25 እስከ 29 ግራም በሚመገቡት ላይ ነው። ክትትል ብቻ ሳይሆን ሙከራዎችም ተመሳሳይ አቅጣጫ ማሳየታቸው፣ ማለትም አሰር ሲጨምር የደም ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ክብደት መቀነሳቸው፣ ማስረጃውን ያጠነክረዋል።

ለዕለት ኑሯችን ምን እንያዝ?

ከዚህ ሁሉ ለአንባቢ የሚጠቅሙ አራት ነጥቦች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ አንቲባዮቲክ ቲኤምኤኦን ያጠፋል ተብሎ ለልብ ተብሎ አይወሰድም። ባክቴሪያዎቹ ይመለሳሉ፤ ጠቃሚዎቹም አብረው ይጎዳሉ፤ መድኃኒቱን የለመዱ ተሕዋስያንም ይራባሉ። ተመራማሪዎች የሚፈልጉት ባክቴሪያውን ሳይገድሉ ኢንዛይሙን ብቻ የሚያግድ ንጥረ ነገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በአይጦች ላይ የተሞከረው እንዲህ ያለው ንጥረ ነገር ውጤት አሳይቷል።

ሁለተኛ፣ ኮሊን ለሕዋስ ሽፋን፣ ለጉበትና ለአንጎል የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር ነው። ስለዚህ ቲኤምኤኦን በመፍራት ብቻ እንቁላልን ከገበታ ማስወገድ ተገቢ አይደለም። ሐኪም ሳያዝ የኮሊን ወይም የካርኒቲን እንክብል መዋጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሦስተኛ፣ ቀይ ሥጋን መቀነስ በቲኤምኤኦ ላይ ፈጥኖ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ሙከራ 113 ሰዎች ለአንድ ወር ያህል ቀይ ሥጋ የበዛበት ምግብ ሲመገቡ ቲኤምኤኦአቸው ጨመረ፤ ሲያቆሙ በአንድ ወር ውስጥ ወረደ። ቀይ ሥጋን በልክ ለመመገብ የሚያበቁ ሌሎች ምክንያቶችም ስላሉ ምክሩ በቲኤምኤኦ ጥፋተኝነት ላይ ብቻ የቆመ አይደለም።

አራተኛ፣ ባክቴሪያዎቻችንን በአሰር መቀለብ ዋጋው ርካሽ፣ ማስረጃው ጠንካራ ነው። 200 ግራም ያህል የተቀቀለ ምስር ብቻውን 15 ግራም ያህል አሰር ይይዛል። በቤታችን የተለመዱት ምስር፣ ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ገብስና ጤፍ ከዚህ ረገድ የሚናቁ አይደሉም።

በዚህ አጋጣሚ ለወጣት ተመራማሪዎች አንድ ሐሳብ እናቅርብ። በአገራችን በጾም ወራት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ትቶ በጥራጥሬና በአትክልት የሚቆይ፣ በፍስክም ወደ ሥጋ የሚመለስ ሕዝብ አለ። በዓቢይ ጾም መጨረሻና ከፋሲካ ጥቂት ሳምንታት በኋላ የአንድ ሰው የአንጀት ባክቴሪያዎችና ቲኤምኤኦ ምን ያህል ይለዋወጣሉ? በሌላ አገር ተመራማሪዎች ፈቃደኞችን አስፈርመው የሚያደርጉትን የምግብ ለውጥ እዚህ ሕዝቡ በራሱ የዘመን አቆጣጠር ያደርገዋል። ጥያቄው የሚጠብቀው የሚለካውን ሰው ነው።

ማጠቃለያ

የአንጀት ባክቴሪያዎች ቲኤምኤኦን እንደሚያስገኙ በተደጋጋሚ ሙከራ ተረጋግጧል። ከፍ ያለ ቲኤምኤኦ ከልብ ሕመም ጋር አብሮ መገኘቱም እንዲሁ ተረጋግጧል። በሰው ላይ መንሥኤ መሆኑ ግን ገና አልተረጋገጠም። እነዚህን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ሳያደባልቁ መያዝ ሳይንስን ከወሬ ለመለየት የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ወደፊት «ይህ ምግብ ልብን ይገድላል» ወይም «ያ ምግብ ልብን ያድናል» የሚል ስንሰማ በቅድሚያ የምንጠይቀው ይህ ይሁን፦ አብሮ ተገኘ ነው ወይስ አመጣው?

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. በሁለቱ እንቁላሎች ሙከራ ሌሲቲኑ ላይ በዲዩቴሪየም ምልክት ባይደረግ ኖሮ ተመራማሪዎቹ የትኛውን መደምደሚያ ማድረግ አይችሉም ነበር?

2. ሙከራው አንቲባዮቲክ በተወሰደበት ሳምንት ቢያበቃና ለሦስተኛ ጊዜ ባይደገም ኖሮ ማስረጃው በምን ይዳከም ነበር?

3. በአንድ ከተማ ቲኤምኤኦአቸው ከፍ ያሉ ሰዎች ይበልጥ በልብ ሕመም እንደሚያዙ ቢታወቅ፣ የኩላሊት ድክመት ድርሻ እንዳለው ለማወቅ ምን ተጨማሪ መለኪያ ትወስዳላችሁ? ሰዎቹንስ እንዴት ትመድባላችሁ?